የሩታ እርማት

ጉለሌ
ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

«‹ዳገት› የተባለው የተማሪዎች ዲጂታል ጋዜጣ ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል። ወደፊት እንዲቀጥል ከተፈቀደ የሚያዘጋጁት ብቁ ተማሪዎች ብቻ ይሆናሉ። የቀሩትን በእንግዳ ፊት ማቅረብ አያስፈልግም።»

እህቴ፣ ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። አንድ ቃል አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩበትም። ከሥሩ ያለውም ፊርማ ያንቺ ነው።

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ትናንት በግቢው ስታነክሺ አይቼ፣ መድኃኒቱን ትታዋለች ማለት ነው ብዬ ተናደድኩ። እኔ ከእንቅልፍ በቀር የጎደለኝ የለም። በቢሮ በኩል ልጽፍልሽ እችል ነበር። እዚያ ግን አንቺ ርእሰ መምህር፣ እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነን፤ ደብዳቤዬ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠውና በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ለእህቴ፣ ወደ ቤቷ ጻፍኩ።

ጋዜጣው እንዴት እንደሚሠራ አንድ ቀን እንኳ ገብተሽ አላየሽም። በአንድ አሮጌ ታብሌትና በእኔ ስልክ ነበር የምንሠራው፤ ሲያልቅ በቴሌግራም ለወላጆች ይወጣል። ዮፍታሔ አፈ ፈጣን ነው፤ ዘበኛውንም የወረዳውን ኃላፊም እኩል ይጠይቃል፣ ሲጽፍ ግን ግማሹን ይዘለዋል። ሲና ፊደል ገና ስለሚምታታባት ዜናዋን በድምጿ ትቀዳለች። ሩታ ደግሞ እጇም አንደበቷም አይታዘዙላትም። በአንድ ጣት ፊደል በፊደል ትነካለች፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ይፈጅባታል። ስለማትቸኩል የእርማት አዘጋጅ አደረግኳት። ዮፍታሔ ጽሑፉን ሲያቀርብላት «እሜቴ ዳኛ፣ ዛሬስ ይማሩኝ» ይላታል። እሷም እየሳቀች «ማን አየ?» ትለዋለች። ሁለት ቃል ናት፤ እስክትወጣላት ግን አንገቷ ይገታተራል።

ያስተማርኳቸው ይህንኑ ነው። ሄዶ ያላየ አይጽፍም፤ የተሳሳተም በስሙ ያርማል።

በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ወጥተሽ፣ ለልዩ ፍላጎት ተማሪዎች የተዘጋጀው ክፍል ሥራ ጀምሯል አልሽ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ዮፍታሔ እንዳልሽው ጻፈ፣ በጋዜጣው ወጣ። በማግስቱ ሩታ «ማን አየ?» አለች። «እንዴ! ዳይሬክተሯ ናቸው እኮ ያሉት!» ብሎ ተከራከራት። «ማን አየ?» ደገመችለት። በወንበር ተሸክመዋት ሄዱ። በሩ ተቆልፏል። በመስኮቱ ሲያዩ እስከ ጣሪያ የተከመረ የተሰበረ ዴስክ ነው።

የጻፈችው ይህ ነው፦ «እርማት። ክፍሉ ሥራ ጀምሯል ብለን ነበር። አልጀመረም። የተሰበረ ዴስክ አለበት። ሄደን ሳናይ ስለጻፍን የተሳሳትነው እኛ ነን። ይቅርታ። ሩታ።»

ልብ በይ፤ ዋሹን አላለችም። ያንቺን ጥፋት በራሷ ላይ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀች። ደብዳቤሽ እርማቱ በወጣ በማግስቱ ጠዋት ደረሰኝ።

ለልጆቹ አነበብኩላቸው፤ ልደብቃቸው አልፈለግኩም። ሲና «እኔ በድምፅ ብቻ ስለሆንኩ ብቁ አይደለሁም ማለት ነው» አለች፣ እንደ ተራ ነገር። ሩታ ታብሌቱን አስጠጋችና ብዙ ቆይታ ጻፈችልኝ፦ «ምኑን ተሳሳትኩ?»

ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣችም። ሽሮ ሜዳ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። አባቷ ሸማ እየሠራ ነበር፤ መወርወሪያውን አላቆመም፤ ቀና ብሎም አላየኝ። እናቷ የሺ ግን ዱካ ሰጥታ አስቀመጠችኝና እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። ያን ዳገት አዝያት የምወጣው ልጄ ሰው መሃል ትዋል ብዬ ነው። እንግዳ እንዳያያት ከሆነማ እቤቴም መደበቅ እችላለሁ። እሱ አያቅተኝም።»

ሩታ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። ስትተነፍስ ይሰማኛል።

በእነሱ ቤት መጋረጃ ነው። በእኛ ቤት በር ነበር።

ቀጨኔ፣ ከመድኃኔ ዓለም በታች ባለው ቤታችን፣ እንግዳ ሲመጣ እማዬ «በእንግዳ ፊት አያስፈልግም» ትልና አጥናፉን ጓዳ ታስገባዋለች። ወንድማችን መናገር አይችልም እንጂ ሁሉን ይሰማ ነበር። አንቺ ገና ትምህርት ቤት አልገባሽም ነበር። በሩ ሥር ተደፍተሽ በስንጥቁ ታወሪለት ነበር፦ «የአባዬ ጓደኛ ናቸው። ጫማቸው ሲጥ ሲጥ ይላል። ሚስትየዋ ትልቅ ኮፍያ አድርጋለች፣ ብታያት ትስቃለህ። ዳቦ ላንተም ተቀምጧል።» እሱም ከውስጥ በጣቱ ቷ ቷ ያደርግልሻል። እኔ በሕይወቴ ያየሁት የመጀመሪያው ጋዜጠኛ አንቺ ነሽ። ይህን ነግሬሽ አላውቅም።

በዚያ በጥቅምቱ መድኃኔ ዓለም እንግዳ በዝቶ ዋለ። ጣቱ ዝም ሲል እንቅልፍ ወስዶት ነው ተባለ። በሩ የተከፈተው ሁሉም ከሄዱ በኋላ ነው፤ አጥናፉ አልነቃም። ቁልፉ በማን ኪስ እንደነበረ ያኔም አልጠየቅኩም፣ ዛሬም አልጠይቅሽም። ልጅ ነበርሽ። አሁን ልጅ አይደለሽም፤ የዚያ ዴስክ የተከመረበት ክፍል ቁልፍም መሳቢያሽ ውስጥ ነው።

ተስፋ አድርጌ አይደለም የምጽፍልሽ። ጋዜጣው አልቋል፣ እንዲከፈትም አልለምንም። ለአዲሱ ጋዜጣ ብቁዎቹን መርጠሻል። ዮፍታሔ «ያለ ሩታ አልገባም» ብሎ ነበር፤ ትናንት ከመረጥሻቸው ጋር ገባ። ልጅ ነው፣ አልፈርድበትም። ግን ዓይኔን አያይም።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። በእጅሽ ጽሑፍ፣ በስምሽ፣ ሩታ አልተሳሳተችም የሚል እርማት። ይዤላት ዳገቱን እወርዳለሁ። እናቷ በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ጨንቻ ወደ አያቷ ልትልካት ነው። እዚያ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ አያቷም አዝለው አይችሏትም። እስከዚያ እንድታቆይልኝ ብዙ ለምኜ ነው የተስማማችው። ይህን ሁሉ አንብበሽ ደብዳቤውን አጥፈሽ እንደምታስቀምጪው አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጻፍኩ።

መድኃኔ ዓለም ጉልበትሽን ይጠግንልሽ። ልጆችሽን ሁልጊዜ በሰው መሃል ያውልልሽ። ለእናታችን የሙት ዓመት መገናኘታችን አይቀርምና ያን ዕለት ፊት ለፊት እንድንተያይ ያድርገን።

መልስሽን እስከ ዓርብ፣ ግንቦት 22 ቀን ድረስ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ስልክ አትደውዪ፤ አላነሳም።

የቀረሽ ወንድም