በገና ቀን ቤት ዘግቶ ምግብ ቤት

ይሁኔዬ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለየኸኝ አሥር ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተስ ዐርፈሃል፣ መከራው የእኔ ነው። ቤቱ ደህና ነው። የጓሮው በር ተጠግኗል፤ ካፖርትህን ለወንድምህ ሰጠሁት፣ ሰፋው። ሬዲዮህን ዳንቴል አልብሼ አስቀምጬዋለሁ፤ ዜናው አንተ ካልተቆጣኸው ለእኔ ምን ያደርግልኛል።

የምጽፍልህ ግን ልጆችህ በገና ዕለት የሠሩኝን ጉድ ልነግርህ ነው።

ልደትሽን ካላከበርን ብለው ተነሡ። የእኔን ልደት! መታወቂያዬን አይተው ነው። ታስታውሳለህ፣ የቀበሌው ጸሐፊ ልደት መቼ ነው ሲለኝ የጌታን ልደት የጠየቀኝ መስሎኝ፣ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነዋ፣ ይኼም ይጠየቃል እንዴ ብዬ ተቆጣሁት። እሱም ጻፈው። አንተ ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት የከረምክ ሰው፣ ነገሩ ገብቶህ ሳለ አፍህን በጋቢህ ሸፍነህ ሳቅክብኝ እንጂ አላረምከውም። ከዚያ በኋላ በየገናው ከጌታ ጋር የተወለደችው እያልክ ቀለድክብኝ፤ ልጆቹ የምርህን መስሏቸው አደጉ።

ሙሉቀን ከባሕር ዳር፣ ትዕግሥት ከአዲስ አበባ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በስልክ ምግብ ቤት ሲመርጡ ከረሙ። የቢቸናው አይመጥንም ተባለ። ተወልደው ያደጉበት ከተማ፣ አይመጥንም! ሞጣ ይሁን አሉ፣ ለሙሉቀን መኪና ስለሚቀርብ። እዚያም ቢሆን የመረጡት ምግቡን ሳይሆን ግድግዳውን ነው። አንዱን መብራቱ ለፎቶ አይሆንም ብለው ጣሉት፣ ሌላውን ወንበሩ ፕላስቲክ ነው ብለው። ምን ትበያለሽ ያለኝ የለም። በገና ቤት አይዘጋም፣ ጎረቤት ይመጣል ብላቸው ዘመኑ ተለውጧል አሉኝ። የለወጡት እነሱ ይመስል።

ሄድን። የምግቡ ዝርዝር በእንግሊዝኛ ተጽፎ አስተናጋጇ ራሷ ማንበብ አቃታት። ጾሙን ሙሉ ጾሜ ጥብስ ብል፣ አራት ቁራጭ ሥጋ በትልቅ ሳህን ላይ ደርድረው ቅጠል አለበሱልኝ፤ ለእኔ ይሁን ለፍየል አላወቅሁም። ቀጥሎ ኬክ መጣ። ሻማ ለኩሰው እፍ በይ አሉኝ። ቄሱ አባቴ ሻማ ሲበራ እንጂ በምራቅ ሲጠፋ አላሳየኝም። የማያውቁኝ ሰዎች ከየጠረጴዛው አጨበጨቡልኝ፤ ትዕግሥት ፎቶ አነሣችኝ፣ እንደ ተቆጣሁ።

ያን ጊዜ አላስቻለኝም። አባታችሁ የሠራው ቤት ምን አነሰው ብዬ እዚያው ጠየቅኋቸው። ትዕግሥት እንደ ነገረችኝ፣ ገና ሲቃረብ አባባ በሌለበት እዚያ ገበታ መቅረብ ሁለቱንም አስፈርቷቸው ነው። ግድግዳ ሲያማርጡ የከረሙት የእኛን ግድግዳ ላለማየት ነው።

ፈሪዎች፣ አልኩ በልቤ። ናቅኋቸው።

ግን አንተን አልዋሽህም። ያን ዕለት ጠዋት በሩን ስቆልፍ ደስ ብሎኝ ነበር። የሚመጣው ጎረቤት ያንተን ቦታ ባዶ እንዳያይብኝ፣ እኔም እያየሁት እንዳልጎርስ። እነሱን ስዘልፍ ከርሜ ከእነሱ የባስኩ ፈሪ እኔው ሆኜ ተገኘሁ።

ለመጪው ገና ቤቴን አልዘጋም። አንተ ዶሮ ስታርድ ልጅህ ፊቱን አዙሮ ነበር የሚቆመው፤ አሁን የሚያርደው እሱ ነው፣ ፊቱን ሳያዞር። ትዕግሥት ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ማልቀሷ ካልቀረ እዚያው ታልቅስ። ጎረቤት ይጠራል። እኔ በሕይወት እስካለሁ በዚህ ቤት ገና ሲበላ ስምህ ሳይነሣ እንጀራ አይቆረስም። በአንተ ቦታ ሙሉቀን ይቀመጣል። እምቢ ካለ እኔው እቀመጥበታለሁ።

ሚስትህ ጥሩወርቅ
ቢቸና