አንድ ጊዜ ብቻ ለሚጠይቀው የሥራ አገናኝ ጽሕፈት ቤት

ለተማሪዎችና አዲስ ተመራቂዎች የሥራ አገናኝ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ገዳሪፍ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደ ሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኛ በባሱንዳ ካምፕ የምንገኝ ስደተኞች፣ አምላክ ይመስገን፣ ከወባው፣ ከአቧራውና ከጽሕፈት ቤትዎ ማስታወቂያዎች በስተቀር የሚያስቸግረን ነገር የለም። የቢሮዎ ማቀዝቀዣ እንዳይበላሽብዎ፣ ኸሪፍ የሚሉት ክረምት ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሲሆንም መኪናዎ እንዳይያዝብዎ ዘወትር እጸልያለሁ፤ እርስዎ መንገድ ላይ ከቀሩ እኛን ማን ነገ ተመለሱ ይለናል?

ስሜ ባንታምላክ ይባላል። በመተማ ቆላ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከባለቤቴ ከእናትነሽና ከአንዲት ልጃችን ከያለምወርቅ ጋር ድንበሩን ተሻግሬ፣ አሁን ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ሥር የስደተኛ ሕፃናትን ፊደል አስቆጥራለሁ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩትና አንዱን ቅጂ ከውሃ ቦኖው አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የለጠፍኩት፣ በፖስታ አሽጌ የላክሁልዎ ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላጡ ነው። ሰሌዳው የራስዎ ስለሆነ ቢያንስ ለመንቀል ሲመጡ ያነቡታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ሳምንት የለጠፉት ዓመታዊ ሪፖርት ነው። በሪፖርቱ ሦስተኛ ገጽ ላይ ለተመራቂዎች ከተዘጋጁት አሥራ ሁለት የልምምድ ቦታዎች ዘጠኙ እንደ ተያዙ፣ ሦስቱ ግን «በወጣቶች ፍላጎት ማነስ ምክንያት» ሳይያዙ እንደ ቀሩ ተጽፏል። ከሦስቱ አንዱ የልጄ ቦታ ነበር። እንግዲህ ስለ ልጄ ፍላጎት ማነስ ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ። ቢሮዎ ቁጥር የሌለውን ነገር እንደማይቀበል ስለማውቅም አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አምና ሚያዝያ ላይ ስለለጠፉት ማስታወቂያ ላመስግንዎ። ከረባት ያሰሩ፣ ሱፍ የለበሱ ወጣቶች ጥርሳቸውን ገልጠው የሚስቁበት ያ ትልቅ ሥዕል፣ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው እንኳ በላብ በሚጠመቅበት ወር ለካምፑ ሰው ሁሉ መዝናኛ ሆኖ ነበር። ከሥዕሉ በታች፣ የሥራ ልምድ ለማግኘት የሚሻ ተመራቂ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ማስረጃ ይዞ እንዲቀርብ ተጽፏል። የሒሳብ መምህር ብሆንም ይህን ስሌት ሠርቼ ልጨርሰው አልቻልኩም። ደግነቱ ያለምወርቅ የላቦራቶሪ ዲፕሎማዋን ስትይዝ በአንድ ጤና ጣቢያ አራት ወር ተለማምዳ ስለነበር፣ የቀረውን ሃያ ወር የምዝገባ ጸሐፊዎ እንዳላየ አለፈላት። ስለዚህ ቸርነት ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና ሽሙጥ የለበትም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥልጠናው። ልጄ ወደ ገዳሪፍ እየተመላለሰች ሦስት ሥልጠና ወስዳለች። የመጀመሪያው የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ፣ ሁለተኛው የኢሜይል አላላክ ሲሆን፣ የሁሉ ቁንጮ የሆነው ሦስተኛው «ራስን የመሸጥ ክህሎት» ይባላል። በዚህ ድንበር ሰውን የመሸጥ ክህሎት ከጥንት ጀምሮ ባለሙያ አጥቶ ስለማያውቅ፣ ጽሕፈት ቤትዎ በዚህ ላይ መድከሙ ያኔ አልገባኝም ነበር። በሥልጠናው ማብቂያ ነጭ ጋዋን አልብሳችሁ ፎቶ አነሣችኋት። ፎቶዋ ይኸው በዘንድሮው ሪፖርት ሽፋን ላይ ወጥቷል፤ ጋዋኑን ግን ለቀጣይዋ ተነሺ ስለሚፈለግ እዚያው አስወልቃችሁ ተቀብላችኋታል። ባለቤቴ እናትነሽ ሽፋኑን ከሰሌዳው ላይ ገንጥላ ወስዳዋለች። የመሥሪያ ቤት ንብረት መሆኑን ነግሬያት ነበር፤ እንድትመልሰው ግን አላስገደድኳትም።

ሦስተኛው አቤቱታዬ ረዘም ይላል፤ ዋናውም እሱ ነው።

በነሐሴ ያለምወርቅ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ቦታው በካምፓችን አጠገብ ባለው ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ለስድስት ወር የሚቆይ ልምምድ ነበር፤ በደንብ ለሠራ ተለማማጅ በዚያው የመቀጠር ተስፋም ነበረው። ልጄ ይህን ቦታ እንዴት ትመኘው እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ካቻምና ታምሬ የሚባል የጎረቤታችን ልጅ ከእርሻ ታምሞ መጥቶ፣ ደሙን የሚያይለት ሰው ስለታጣ ወባ ነው እየተባለ የወባ መድኃኒት ሲውጥ ከርሞ፣ ካላዛር መሆኑ የታወቀው ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ልጄ ቀብሩ ላይ አላለቀሰችም። ቤት ስንገባ፣ ማይክሮስኮፕ ቢኖረኝ በአንድ ሰዓት አውቅለት ነበር አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የተማረችበትን ደብተር ትራሷ ሥር አድርጋ ነበር የምትተኛው።

ለዚህ ለአንድ ቦታ ሁለት ልጆች ቀረቡ። ሁለተኛዋ ከቱነይድባ ካምፕ የመጣች፣ ኤልሳ የምትባል የሙያ ጓደኛዋ ናት። የሁለቱ ወላጆች ወገን በአገር ቤቱ ጦርነት ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስካሁን ሲከራከር ይውላል፤ እነሱ ግን በሥልጠናው ሰሞን አንድ ብርጭቆ ሻይ ለሁለት ሲጠጡ ከርመው ነበር። ጠያቂው ሱፊያን የሚባል፣ ወላጆቹ ያገራችን ሰዎች የሆኑ፣ እሱ ግን ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ ጨዋ ወጣት ነው። አማርኛው አይታማም። ስለ ትምህርቷ ጠየቃት፤ መለሰች። በመጨረሻ ቦታው አንድ ብቻ እንደሆነ፣ ኤልሳም ለዚሁ እንደ ቀረበች ነግሮ፣ ትፈልጊው እንደሆነ ጠየቃት። ልጄ አንገቷን ደፍታ፣ «ኧረ ግድ የለም፣ ለባሰባት ይሁን» አለችው። ሱፊያንም በኮምፒውተሩ ላይ «ፈቃደኛ አይደለችም» የሚለውን መርጦ ቀጣዩን ሰው ጠራ።

እዚህ ላይ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ልናዘዝ። እኔ ነኝ። ሰው ቤት ገብተሽ ብዪ ስትባዪ መጀመሪያ ጠግቤያለሁ በዪ፣ ሲደግሙሽ ይቅርብኝ በዪ፣ በሞቴ ብለው ሲምሉብሽ ያን ጊዜ እጅሽን ታጠቢ ብዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ራስን ማመስገን ነውር ነው፣ ሰው ቀድሞ መንጠቅ ነውር ነው፣ ዝም አይነቅዝም ያልኳት እኔ ነኝ። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ ለጋባዡ የሚሰጥ አክብሮት ነው፤ የልብ ነገር የሚታወቀው ሲደገም ነው። ስለዚህ ያለምወርቅ ከዚያ ክፍል ስትወጣ ቦታውን የተወች አልመሰላትም። እስኪደግሙላት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች፤ ቢሮው ሲዘጋ ዘበኛው አስወጣት። ካምፕ ተመልሳም ጠበቀች። ሲደውሉ ስልኬ እንዳይዘጋ እያለች በየማለዳው ሻይ ከሚሸጡት ሴትዮ ዘንድ ወስዳ ቻርጅ ታደርገው ነበር።

ሱፊያንን አልወቅሰውም። በዚያ ቀን አርባ ሰው ነበረበት፤ እያንዳንዱንም ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጠይቅ ታዟል። ወላጆቹ ቋንቋውን አውርሰውታል፤ ሰውን አጥብቆ መለመንን ግን ከማን ሊማረው ኖሯል?

አራተኛ፣ ነገሩ ሲገባኝ ላስረዳ ብዬ አራት ጊዜ ወደ ቢሮዎ መጥቻለሁ። አንዴ በእህል ጭነት መኪና፣ አንዴ በትራክተር ተሳቢ፣ ሁለቴ ደግሞ ግማሹን መንገድ በእግሬ፣ ዋልካው ጫማዬን እየቀማኝ ነው። በሦስቱ ቀን «ቡክራ» ተባልኩ። ነገ ማለት ነው፤ እዚህ አገር ስደተኛ ከሰላምታ ቀድሞ የሚማረው ቃል ነው። በአራተኛው ቀን ያገኘሁት ሠራተኛ ወንበር ስቦ አስቀምጦኝ፣ ልጄ በገዛ አንደበቷ ቦታውን እንዳልተቀበለች፣ አንድ ጊዜ እምቢ ያለን አመልካችም ሲስተሙ ለአንድ ዓመት እንደማያስተናግድ በአክብሮት አስረዳኝ። እኔም ያ እምቢታ እምቢታ እንዳልነበረ አስረዳሁት። እስክጨርስ ሰማኝ፤ ይህን የሚሞላበት ሣጥን ግን በቅጹ ላይ የለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የልጄ ፋይል ግን እንቁላል እንደሆነ መደርደሪያው ላይ ቀረ።

አምስተኛ ብዬ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ይህን ግን በቁጥር ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

በጥቅምት ያለምወርቅ ሌሎቹን ተከትላ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ፋሽጋ ወረደች። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ደርሶ ጥቂት ቀን ካለፈው ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ባለእርሻዎቹ ዲፕሎማ ሳይጠይቁ፣ ልምድ ሳይጠይቁ፣ ያገኙትን እጅ ሁሉ ይቀጥራሉ። ደም ለመቅዳት የተማረው እጇ በአንድ ወር ማጭድ ተሰነጣጠቀ። አብረዋት ያጨዱት እንደ ነገሩኝ፣ በእርሻው ላይ ከጫኞቹ ጋር የሚውል አንድ ሰው ነበር፤ ልጆችን ወደ ሊቢያ የሚያሻግር ደላላ መሆኑን የማያውቅ የለም። እዚያ የላቦራቶሪ ሥራ አስገባሻለሁ አላት፤ ይቅርብኝ አለችው። በማግስቱ ተመልሶ ጠየቃት፤ አሁንም ይቅርብኝ አለችው። በሦስተኛው ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ይዞላት መጥቶ «በሞቴ» አላት።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ሰው ሥልጠናዎን አልወሰደም፤ ማስታወቂያ ሰሌዳም የለውም። የእኛን ልጆች አስተዳደግ ግን ጠንቅቆ ያውቃል።

ኅዳር ሃያ አንድ ቀን፣ በሊቢያው መንገድ ላይ ካለችው ከአትባራ በሰው ስልክ ደወለች። እኔ እንዴት ነሽ በማለት ፋንታ፣ እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት አመንሽ ብዬ ጮኽሁባት። «አባዬ፣ እሱ እኮ ደጋግሞ ለመነኝ» አለችኝ። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሊሞላ ነው፤ ድምፅዋን አልሰማንም። በዚያ ቁጥር ስደውል አንድ ሰው በዓረብኛ አላውቃትም ይለኛል፤ አሁን አሁን እሱም ማንሣት ትቷል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ የእናትነሽ እንባ ግን በገና ሰሞን አልቋል። ወደ መንገዱ ዞራ ትቀመጣለች። እኔም ልጄን በመጨረሻ ያነጋገርኳት በቁጣ መሆኑን እያሰብኩ፣ ለተማሪዎቼ ሀ ሁ ስል የፊደሉን ተራ እስታለሁ።

በጥር መጨረሻ ኤልሳ ከቱነይድባ ድረስ መጣች። ስኳርና ሻይ ቅጠል በፌስታል ይዛ ያለምወርቅን እንኳን ደስ ያለሽ ልትላት ነው። ልጄ ጤና ጣቢያው ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ የምትውል መስሏታል። ማን እንዲህ አለሽ ብላት፣ በዚያ በነሐሴው ቀን ከልጄ ቀጥላ መግባቷን፣ ትፈልጊዋለሽ ስትባል «ያለምወርቅ ትቅደመኝ» ብላ በሌላው በር መውጣቷን፣ ስለዚህም ቦታው ለጓደኛዋ ሆኗል ብላ ደስ ብሏት መሄዷን ነገረችኝ። እሷም ላይ ሱፊያን «ፈቃደኛ አይደለችም» የሚለውን መርጦ ኖሯል። የሆነውን ስነግራት ፌስታሉን መሬት አስቀምጣ ከእናትነሽ ጎን ወደ መንገዱ ዞራ ተቀመጠች።

እንግዲህ በሪፖርትዎ የወጣቶች ፍላጎት ማነስ የተባለው ይህ ነው። ሁለት ልጆች አንዲት ወንበር ይዘው አንቺ ተቀመጪ፣ አንቺ ተቀመጪ ሲባባሉ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ወንበሯን አንሥቶ ሄደ። ስድስቱ ወር በዚህ ሳምንት አለቀ። ማይክሮስኮፑ በላስቲክ እንደ ተሸፈነ ከርሟል፤ የበሽተኛ ደም ወደ ገዳሪፍ እየተላከ መልሱ በስምንተኛው ቀን ይመጣል። ከመልሱ ቀድሞ የሚሄድ በሽተኛም አለ።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ጠያቂዎችዎ ሁለተኛ ጊዜ እንዲጠይቁ ይዘዙልን፤ ሦስተኛው ቢቀር ግድ የለም። ካልተያዙት ሦስት ቦታዎች አንዱን ለኤልሳ ይስጡልኝ። ከቱነይድባ ካምፕ ትምህርት ቤት አጠገብ ሻይ ስትሸጥ ያገኟታል። አይ ብትልዎ አይመኗት፤ ደግመው ይጠይቋት።

የማኅተምዎን ክብነት፣ የሰሌዳዎን ጽናት፣ የሲስተምዎን የማይታጠፍ ቃል በማክበር፣ ለከርሞው ሪፖርት ሽፋን የሚሆን ፊት እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ባንታምላክ
የያለምወርቅ አባት
ባሱንዳ ካምፕ፣ የካቲት 2017 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ በሃያ ስድስት ዓመት የመምህርነት ዘመኔ ዋሽቼ አላውቅም። ልጄ ስልክ ከደወለች ግን ጽሕፈት ቤቱ ዳግመኛ ጠይቆሻል፣ አንድ ቦታ አስቀምጦልሻል፣ ተመለሽ ልላት ቆርጫለሁ። እባክዎን ውሸታም አያድርጉኝ።