ለአሚኑ ምን ልበለው?

ልጄ ትርሲት፣ ያለሽበትን አገር እመቤቴ ማርያም የሰላም ታድርግልሽ። አባትሽም ጎረቤቱም ሰላም ብለውሻል። እኛ ደህና ነን፤ የጓሮው እንሰትም ዘንድሮ ደህና ይዟል።

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ያለችው እህትሽ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራበት ኮምፒውተር ተበላሸባት። እዚህ ቡታጅራ አሚኑ ሱቅ አዲስ አለ። «እትዬ ተናኘ፣ በዱቤ ውሰጂው፤ ለመስቀል ትከፍያለሽ» አለኝ። እንደምታውቂው ሰው ሁሉ ዕዳውን የሚዘጋው ልጆቹ ለመስቀል ሲገቡ ነው። ልፈርም ስል «ትርሲት ዘንድሮ ትመጣለች አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ። አስቤበት እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ በሱቁ በር ማለፍ ፈርቼ በጀርባ መንገድ ነው ገበያ የምሄደው። እህትሽ «ወሰንሽ?» እያለች ትደውላለች። ቁጭ ብል አይሆንልኝ፣ ብተኛ እንቅልፍ የለኝ።

በስልክ ስጠይቅሽ ስቀሽ ወሬ ትቀይሪብኛለሽ፤ ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። አምና ለመስቀል እመጣለሁ ብለሽ የክትፎ ቅቤሽን ሳላስነካ እስከ ጥቅምት አስቀምጬው ነበር።

ብር ላኪልኝ አላልኩም። ዕዳውን ላሜንም ሸጬ ቢሆን እከፍለዋለሁ። «አዎ፣ ትመጣለች» ማለቱ ነው ያቃተኝ።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ፣ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። እባክሽ ልጄ፣ ለአሚኑ የምመልስለትን ንገሪኝ።

እናትሽ ተናኘወርቅ