የስድስት ሰዓት መንገድ

ልጄ ከፈለኝ፣ የአባቶችህ አምላክ በምትሄድበት ሁሉ ይቅደምህ። እኛ ደህና ነን፤ ላሟም ወልዳለች።

መምህር ደጀኔ ከአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ አንተ ያለህበት አቴና የስድስት ሰዓት መንገድ ነው አለኝ። እኔ ከዲላ አዲስ አበባ የምደርሰው ሻሸመኔ አድሬ ነው። እናም ጎረቤታችን ዘነቡ "ልጅሽ ራቀብሽ" እያለች ስታዝንልኝ፣ "የራቀችስ ሬኮ መንደር የዳርሻት ልጅሽ ናት፤ በበቅሎ ሁለት ቀን" አልኳት። አኩርፋ ሄደች።

እሑድ ልጇ ሙሉእመቤት በዚያ ዝናብ ሕፃን አዝላ ከሬኮ መጣች። ዘነቡ በደጃችን ሦስት ጊዜ አመላለሰቻት፤ ቆጥሬያለሁ።

ሹራብህን ልበስ፤ ጾምህንም አትርሳ። እመብርሃን በጥላዋ ትከልልህ። ለፋሲካ እንኳ ብቅ በል የኔ ልጅ፤ የሩቋ መጥታ አንተ የቅርቡ ስትቀር፣ ዘነቡን ምን ልበላት?

እናትህ ድንቅነሽ