ሰማይ ላይ የተነሰነሰ ጨው

ቱምባ፣ ሐሙስ

ወዳጄ ኩሩቪላ፣

ካርዷ ጠባብ ናትና የትናንቱን ምሽት ብቻ ልጻፍልህ። የቀድሞ ተማሪያችን ላሳር የደከመበት ሮኬት የሚተኮስበት ቀን ነበር። እኔም ከእናቱ ከፊሎሚና ጋር ባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ልጇ ጀልባውን ትቶ ሮኬት ሠሪ ከሆነ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ይስቅባታል፤ የምትሸጠውን ደረቅ ዓሣ እንኳ ጨው አበዛሽበት ይሏታል። ሮኬቱ አጓርቶ ወጣና ከዓይን ጠፋ።

«ፊሎሚና፣ ልጅሽ ያችን ቧንቧ የት ጣላት?» አለ አንዱ ዓሣ አጥማጅ። እሷ መቁጠሪያዋን ጨበጠች።

ጥቂት ቆይቶ ሮኬቱ በጠፋበት ከፍታ ብርቱካናማ ደመና ፈካ። ለእኛ የጠለቀችው ፀሐይ እዚያ ላይ ገና ታበራ ነበር። እኔና አንተ አገር ቤት በጎማ ዛፎቻችን መሀል የምናየው ቁራጭ ሰማይ ይህን ሁሉ አይዘውም!

«መምህር፣ ምንድን ነው የነሰነሰው?» አለችኝ ፊሎሚና።

«ሶዲየም ይባላል፤ ከጨው ነው የሚገኘው። ደመናው ወዴት እንደሚነዳ እያዩ የላይኛውን ንፋስ ይለኩበታል።»

«ጨው!» ብላ ብድግ አለች። ወደ አጥማጆቹ ዞራም፣ «ሰማችሁ? ማብዛቱን ከእኔ ነው የወረሰው!» አለች። ሲስቁባት የነበሩት ሁሉ አብረዋት ሳቁ።

ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህን አናማንና ልጆቹን ሰላም በልልኝ። ከፊሎሚና ደረቅ ዓሣ ይዤ እመጣለሁ፤ ጨው በዝቶበታል የሚል ካለ ቀና ብሎ ሰማዩን ይመልከት።

ያንተው ቻኮ