ያላየሁትን ፊት ሳልኩ

ዓርብ

የሥዕል ማቆሚያው አይሄድም፣ በቃ። ባለፈው ገነተ ማርያም ድረስ ተሸክሜው ትከሻዬ ሊገነጠል ነበር፤ ገና ሳልጀምር ደግሞ ነፋሱ ገለበጠው። ነገ አሸተን ማርያም እወጣለሁ። ለዚያ ዳገት እርሳስ፣ ምላጭ፣ ከምድጃ የለቀምኩት ከሰል ይበቃል። ከውሃ ቀለሙ ቡኒ፣ ቢጫና ሰማያዊ ብቻ። አረንጓዴ ምን ያደርግልኛል? ዘንድሮ ላስታ ላይ አረንጓዴ የት አለና! ውሃውን በመድኃኒት ብልቃጥ ሞላሁ። የብሩሹን እጀታ ሰብሬ አሳጠርኩ፣ ወረቀቱን በመዳፌ ልክ ቆረጥኩ። ሁሉም ኪሴ ገባ! እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

እሑድ

ትናንት አልጻፍኩም። ታስሬ ነበር።

አሸተን ዳገት፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የማዶውን ተራራ ስስል የጠመንጃ አፈሙዝ ወረቀቴ ላይ መጣ። ሽማግሌ ሚሊሺያ ናቸው። «የወታደሩን ሰፈር ለማን ነው የምትስዪ?»

የምን ሰፈር? ቀና ብዬ አየሁ። ነጭ ድንጋይ መስሎኝ በቀለም ሳልነካ የተውኩት ሁሉ ድንኳን ነው።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ቀለሞቼን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፋቸው። «ኪስ የሚገባ ቀለም ማን ይይዛል? ለመደበቅ ካልሆነ!»

«እንዳይከብደኝ ነው፣ ጓድ» አልኩ። ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ቆለፉብኝ። ዛሬ ጧት በሩን የሚጠብቁት እኚያው ሚሊሺያ፣ ጋሼ አድማሱ፣ አንገታቸውን አስገቡ።

«እውነት ሰው ትስያለሽ? ልጄ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ድምጡ ጠፋ። ፎቶም የለው።»

«ጋሼ፣ ሳላየው እንዴት አድርጌ?»

«እኔን እይ። ጢሜን አንሺልኝ። ዓይኑ ግን የእናቱ ነው፣ ትልልቅ።»

ከሰሉን መለሱልኝ። እሳቸው ሲናገሩ እኔ ስስል፣ ስደመስስ ቆየን። ሲያልቅ ወረቀቱን ተቀብለው፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ከሰዓት በኋላ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ዋስ ሆኖኝ ተፈታሁ። የተራራውን ሥዕል አስቀሩት። ይቅር!

ሰኞ

ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ በሩን ስከፍት አንዲት እናት ደጃፌ ላይ ተቀምጠዋል። የጋሼ አድማሱ ባለቤት ናቸው። ወረቀቱን በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘዋል። ጉልበቴን ያዙ።

«የት አየሽው?»

«አላየሁትም፣ እናቴ። አባቱ እየነገሩኝ ነው የሳልኩት።»

«ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳስ? አባቱ ጠባሳውን አልነገረሽም፤ ዛሬ እንኳ ሳሳየው ‹ረስቼው› ነው ያለኝ።»

አየሁት። ከሰሉ ተሰብሮ የሄደበት ጭረት ነው። እሱንም ነገርኳቸው። ማልኩላቸው። እሳቸው ግን ዓይን ዓይኔን እያዩ፣

«ከስቷል?» አሉኝ።

«አልከሳም።»

ከአፌ ወጣ። ምን ነካኝ?

መርቀውኝ ተነሡ። ቁልቁል ሲወርዱ ያገኙትን ሰው ሁሉ እያስቆሙ ወረቀቱን ሲያሳዩ ቆሜ አየሁ። የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ፤ እኔ ግን ገና ደጃፌ ላይ ነበርኩ።