ለአንድ ሰው ብቻ

ሆሳዕና፣ ጎፈር ሜዳ
ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብሌ፣

እንደምን አለሽልኝ? ቆላው ጠናብሽ ወይስ ለመድሽው? ሙቀት ነው ብለሽ አጎበር ሳትዘረጊ እንዳትተኚ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ግን አልለቀቀንም፤ ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ጭቃ ሆኖ ባጃጆቹ አንገባም ብለዋል፤ እናትሽም ገበያ የምትወጣው በእኔ ቦቲ ነው። ላማችን ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት። ስም እስካሁን አላወጣንላትም፤ እናትሽ አንቺ እስክትመጪ ይቆይ ብላለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው «ቁጥር» እና «ጉዳዩ» ሳይል ደብዳቤ መጀመር እንዴት እንደሚከብደው ታውቂያለሽ። ይሄኛው ቁጥር የለውም። ጉዳይ ግን አለው። እስክትጨርሺው ድረስ አትቅደጂው፤ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን አድርጊ።

የሚያደርስልሽ ፈትሁዲን ነው፤ የባለ ሱቁ የጎረቤታችን ልጅ። አሁን አይሱዙ ይነዳል፤ ድንች ጭኖ በየሳምንቱ አርባ ምንጭ ይወርዳል። ከዚያ ወደ አንቺ በሚሄደው አውቶቡስ ለረዳቱ ይሰጠዋል። ትናንት ደብዳቤ እንዳለኝ ስነግረው «ጋሼ፣ ምን ያደክምዎታል? ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልላክላት?» አለኝ። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ልመን? ፖስታውን በሙጫ አሽጌ በላዩ ላይ ፕላስተር እለጥፍበታለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ኔትወርክ ወደሚይዝበት ኮረብታ ወጥተሽ ለእናትሽ ስትደውዪ እኔ እዚያው አጠገቧ ነኝ። ድምፅሽ ከጆሮዋ ሥር ትንሽ ትንሽ ያመልጣል። «አባትሽ እዚህ አለ» ስትልሽ መስመሩ ይቋረጣል። እኔም ኔትወርክ ነው እላለሁ። እሷም አዎ፣ ኔትወርክ ነው ትለኛለች።

ያን ዕለት ደውለሽ «አባዬ፣ ለአንተ ብቻ ያወራሁት ነገር እንዴት ወጣ?» ስትዪኝ «ስልኩ በራሱ ላከው፤ እኔ አልነካሁም» አልኩሽ። ዋሽቼሻለሁ ሰብሌ። ስልክ በራሱ አይልክም። እንዴት እንደወጣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ሰኔ ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ድምፅሽ ስልኬ ላይ ገባ። ያልሽውን አንቺ ረስተሽው ይሆናል፤ እኔ ግን በቃሌ ይዤዋለሁ። «አባዬ፣ ደከመኝ» ብለሽ ጀመርሽ። «ሳንሄድ ሄድን፣ ሳናሠለጥን አሠለጠንን ብለን እንፈርማለን። አለቃችን ስብሰባ ላይ እጅ አውጡ ሲል ሁላችንም እናወጣለን፤ ሻይ ላይ ደግሞ ሁላችንም እናማለን። እኔም እጄን አወጣሁ አባዬ። ቤት ገብቼ እጄን ሳየው አፈርኩ» አልሽ። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። እንዲህ ያለ ሪፖርት ስንቱ በእጄ እንዳለፈ ብትቆጥሪ! ገቢ አድርጌ፣ ማኅተም መትቼ፣ ቁጥር ሰጥቼ ፋይል ውስጥ አስቀመጥኩት እንጂ አንድ ቀን «ይሄ ሐሰት ነው» ያልኩበት ቀን የለም። አንቺ ደግሞ ሥራ በገባሽ በሁለት ዓመትሽ አልሽው። ደስ አለኝ። ኮራሁብሽ።

ኩራቱን ብቻዬን መያዝ አቃተኝ። መምህር አቤሴሎም፣ ጓደኛዬ፣ «የዛሬ ልጆች ስልክ ከመነካካት ሌላ ምን ያውቃሉ?» እያለ ሁልጊዜ ያናድደኛል። እስቲ ይስማት አልኩና ለእሱ ላኩት። ለአንድ ሰው ብቻ፣ ከወንድሜ ለማላሳንሰው ሰው። መነጽሬን አላደረግሁም ነበር። ከላይ የነበረውን ስም ተጫንኩ፤ ከላይ የነበረው ግን እድሩ ነው።

ጡሩምባ ነፊያችን ከታመመ ወዲህ እድራችን ቴሌግራም መግባቱን ታውቂያለሽ። ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ደንቡንም ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ስብሰባና ማስታወቂያ በጽሑፍ፣ ድምፅ ለሞት ብቻ። ማንበብ የማይችሉት እናቶች እንዳይቀርባቸው ብለን ነው። ስለዚህ በዚያ ግሩፕ ድምፅ ከገባ ሰው «ማን?» ይላል፣ ጋቢውን ይለብሳል፣ ይወጣል።

እኔ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ለላሚቱ ሣር ላጭድ ወርጄ ነበር። ስመለስ ግቢው ሰው ሞልቶታል። ሁለት ጎልማሶች የድንኳን ብረት ከጋሪ ያወርዳሉ፤ እትዬ ብርቅዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይመታሉ። እሳቸው ከፍተው የሰሙት «አባዬ፣ ደከመኝ» የሚለውን ብቻ ነው። ልጅ ወደ አባቷ እንዲህ ካለች እናቷ ሞታባት ነው ብለው መንደሩን አንቀሳቀሱት። እናትሽ ራሷ ከገበያ ቡላና ጎመን ይዛ ስትገባ ሰውን አየችና «ማን ነው የሞተብን?» ብላ ዘንቢሏን ጥላ ማልቀስ ጀመረች። ሴቶቹ ዞር ብለው ሲያዩዋት ግማሾቹ ሸሹ፣ ግማሾቹ አቅፈው ሳሟት። እስከ ዛሬ «ከልቡ ያለቀሰልኝን በዓይኔ አይቻለሁ» እያለች ትቀልዳለች። በተለይ እኔን ስትቆጣ።

የደበቅሁሽ ግን ይሄን አይደለም። ሰው ከተረጋጋ በኋላ አንዱ «ታዲያ ድምፁ ምንድን ነው?» አለ። ያኔ «የቤት ጉዳይ ነው፣ ተዉት» ብዬ ማጥፋት እችል ነበር። አላጠፋሁትም። አቤሴሎም ስልኩን ከፍ አድርጎ ያዘና ግቢው ሙሉ፣ የድንኳኑ ብረት መሐል ቆሞ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሽ። ከዚያ እትዬ ብርቅዬ እንባቸውን ጠርገው «ልጅቷ ምን ዋሸች?» አሉ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ እኔን አየኝ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። በአንቺ ድምፅ፣ በአንቺ ድካም፣ ለእኔ ብቻ ባልሽው ነገር ተሞገስኩ። ልጄ፣ በዚህ ነው የማፍረው።

ማክሰኞ ድምፅሽ አርባ ምንጭ፣ አለቃሽ ስልክ ላይ ነበር።

ከዚያ ወደ ቆላው የወረወረሽ ያ የዝውውር ደብዳቤ መጣልሽ። «ለሥራው አመቺነት ሲባል» የምትለዋን ሐረግ እናትሽ ስታነብልኝ ድገሚያት አልኳት። እኔ ያቺን ሐረግ መቶ ጊዜ ፋይል አድርጌያለሁ። ምን ማለት እንደሆነች ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ሻይ ቤት ቁጭ ስንል ስለ ስልክ ብዙ ይወራል። ስልክ ተዘግቶም ያዳምጣል የሚል አለ፤ ስለ ጫማ ስናወራ ወዲያው የጫማ ማስታወቂያ ያመጣል የሚልም አለ። እኔም ለፋይዳ መታወቂያ ስመዘገብ አሥር ጣቴን አስነክተው ዓይኔን ሲያነሱኝ ፈርቼ ነበር፤ ገመናችንን ሁሉ ወሰዱት ብዬ ለአንድ ሳምንት አጉረመረምኩ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የማላውቀው ሰው በማሽን የሚሰልለኝ ይመስለኝ ነበር። የልጄን ገመና ያወጣው ግን ማንም ሳይሆን የእኔው ጣት ነው። መዝገብ ቤት ሳለሁ የአንድ ሠራተኛ ፋይል ባለጉዳዩ ሳይፈቅድ ለሥራ አስኪያጁ ሚስት እንኳ አላሳይም ብዬ ከእንጀራዬ ልባረር ነበር። ያ ሰውዬ የት ሄደ እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ።

አሁን የሚያስቸኩለኝን ልንገርሽ። እናትሽ እንደነገረችኝ ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ መስከረም 20 ይቀመጣል፤ የሚከሱሽም «ድምፁን ሆን ብላ አሰራጭታለች» ብለው ነው። ይሄን ስሰማ «ስልኩ በራሱ ላከው» ያልኩት ውሸት ማን ላይ እንደወደቀ ገባኝ። እኔ አልላክሁም ካልኩ የላክሽው አንቺ ነሽ ማለት ነው።

ስለዚህ ባለፈው እሑድ በእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ያደረግሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ቀድሞ «ጣቴ አዳልጦኝ ነው» ብያቸው ምረውኝ ነበር። አሁን ግን ሊቀመንበሩ ደንቡን አስነበበኝ፤ ያለ ሞት ሰው ያስደነገጠ ይቀጣል ይላል። አንቀጹን የጻፍኩት ራሴ ስለሆንኩ መከራከሪያ አጣሁ። በሚቀጥሉት ሦስት ለቅሶዎች ወንበር እሸከማለሁ። እናትሽ ለወገቤ ፈርታለች፤ እኔ ግን ቀሎኛል።

ከስብሰባው ስንወጣ አቤሴሎም ጎኔ ጎኔ ሄደ። ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ቆመ። «አርባ ምንጭ ላለው የእህቴ ልጅ የላክሁለት እኔ ነኝ። ልጅ ማለት እንዲህ ነው፣ ስማት ብዬ። ለእሱ ብቻ» አለኝ። እሱም ለአንድ ሰው ብቻ፣ እንደ እኔ። የእህቱ ልጅም ለአንድ ሰው ብቻ ልኮ ይሆናል። በምን አፌ ልቆጣው? «ለሰብሌ ልንገራት?» ብዬ ጠየቅሁት። «ንገራት፤ ይቅር ትበለኝ በላት» አለ። ፈቃዱን ይዤ ነው የምነግርሽ።

ከዚህ ጋር አንድ ገጽ ወረቀት አለ። «ልጄ ለእኔ ለብቻዬ የተናገረችውን፣ እሷ ሳታውቅና ሳትፈቅድ ያሰራጨሁት እኔ ነኝ» ይላል። ፈርሜበታለሁ፤ ሰባት የእድር አባላት መስክረዋል፤ ማኅተሙም አርፏል። እትዬ ብርቅዬ በጣታቸው ፈርመዋል። መጀመሪያ ያሰብኩት ራሴ አርባ ምንጭ ወርጄ ለኮሚቴው ልሰጥ ነበር። ቦርሳዬን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። እናትሽ በሩ ላይ ቆመችና «ጠይቀሃታል?» አለችኝ።

አልጠየቅሁሽም። ደግሞም አንቺ ለኮሚቴው ምን ብለሽ እንደጻፍሽ አላውቅም። ምናልባት «ድምፁ የእኔ አይደለም» ብለሽ ይሆናል፤ የእኔ ወረቀት ደግሞ ድምፁ ያንቺ መሆኑን ይመሰክራል። ልረዳሽ ብዬ ዳግመኛ ላጠፋሽ እችላለሁ። ስለዚህ ወረቀቱ በእጅሽ ይሁን፤ ሁለተኛ ቅጂ አላስቀረሁም። ስጪው ካልሽ ስጪው፤ ቅደጂው ካልሽ ቅደጂው። ና መስክር ካልሽኝ ደግሞ በማግስቱ እዚያ ነኝ። ቅዳሜ ለእናትሽ «ይምጣ» ወይም «አይምጣ» በያት፤ እኔን ማናገር አይጠበቅብሽም።

ለመስቀል ትመጫለሽ ብዬ አልጠይቅሽም። እናትሽ ግን ቡላውን ገዝታ አስቀምጣለች፤ ቅቤውንም አንጥራለች። የመስቀል ምግባችንን፣ አታካናውን፣ አንቺ ካልመጣሽ ለማን እንደምትሠራው አላውቅም፤ እኔን እንደሆነ ሐኪም ቅቤ ከልክሎኛል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ድምፁን አጥፋው ብለሽኝ ነበር። ከእድሩ ግሩፕ አጥፍቻለሁ፤ አቤሴሎምም ፊቴ አጥፍቷል። ከእኔ ስልክ ላይ ግን አላጠፋሁትም። መጨረሻው ላይ፣ ያን ሁሉ ብሶት ከተናገርሽ በኋላ፣ «በል አባዬ፣ መድኃኒትህን እንዳትረሳ» ብለሽ ትስቂያለሽ። አሁን እሷን ብቻ ነው የምሰማት። ይሄንንም ሳላስፈቅድሽ ነው ያስቀመጥኩት፤ አጥፋ ካልሽ አጠፋለሁ። ብቻ ከማጥፋቴ በፊት ሌላ ድምፅ ላኪልኝ፤ ስድብም ቢሆን።

በሄድሽበት ሁሉ ሥላሴ ይከተሉሽ። እጅሽን ስታወጪም ስትከለክዪም ከጎንሽ ሰው አያሳጣሽ። የቆላው ንዳድ፣ የሰው ክፉ ዓይን አይንካሽ። በደህና ውለሽ በደህና ግቢልኝ።

አባትሽ
ገብረ ሥላሴ

አባሪ፦ አንድ ገጽ የምስክርነት ቃል
ግልባጭ፦ ለማንም አልተላከም